ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ ኤ ፕላስ አለፍኩ፤ የሚቀጥረኝ ግን ጠፋ

ጥያቄው ሲጠቃለል ይህ ነው። ጠያቂዋ የ27 ዓመት ወጣት ናት። ግሪን ካርድ ይዛ ወደ ቨርጂኒያ ከመጣች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ አሌክሳንድሪያ ከቤተሰቧ ጋር ትኖራለች። ኢትዮጵያ ውስጥ ከአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ተመርቃለች። ሌሊት ሌሊት ዋሽንግተን መሀል በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ በገንዘብ ተቀባይነት ትሠራለች። ኮምፕቲያ የተባለው ድርጅት የሚሰጠውን፣ ኤ ፕላስ የተባለውን የጀማሪ የኮምፒውተር ድጋፍ ፈተና ሁለቱንም ክፍል አልፋ ከ150 በላይ ማመልከቻ ብትልክም ለቃለ መጠይቅ የጠራት የለም። አሁን አንድ የሥልጠና ድርጅት 4,000 ዶላር ከከፈለች አሠልጥኖ፣ «የአምስት ዓመት ልምድ ያለው» ሪዙሜ አዘጋጅቶ ሥራ እንደሚያስገባት ነግሯታል። «ልክፈል ወይስ አፕረንቲስሺፕ የሚባለውን፣ እየሠሩ የሚማሩበትን፣ ልሞክር? እዚህ ሃይስኩል የጨረሰ የ20 ዓመት ወንድምም አለኝ፤ እሱስ ከየት ይጀምር?» ትላለች።

እህቴ፣ «ጋሼ» ብለሽ ስለጻፍሽልኝ እኔም አንቱታውን ትቼ እንደ ታናሽ እህቴ ልመልስልሽ። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል (ሄልፕ ዴስክ) እመራለሁ። ጀማሪዎችን ከሚመርጡት ሰዎች አንዱ ስለሆንኩ የምነግርሽ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀምጬ የማየውን ነው።

ከገንዘቡ ልጀምር፤ ድርጅቱ ለክፍያው ቀን ቆርጦልሻልና። አትክፈዪ። ምክንያቴ 4,000 ዶላር ብዙ ስለሆነ አይደለም። ያ ሪዙሜ ከአምስት ዓመት በፊት እዚህ አገር ሥራ ላይ ነበርሽ ይላል፤ አንቺ ግን ያኔ ኢትዮጵያ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሽ። በዚህ አካባቢ ከሚገኘው የቴክኖሎጂ ሥራ ብዙው በቀጥታም ይሁን በኮንትራክተር በኩል ከፌዴራል መንግሥት ጋር የተያያዘ ነው። እንደዚያ ያለ ሥራ ስታገኚ የት እንደኖርሽ፣ ለማን እንደሠራሽ፣ አለቃሽ ማን እንደነበር የምትሞዪበት ቅጽ ይሰጥሻል። በዚያ ቅጽ ላይ አውቆ ሐሰት መሙላት እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው። ነገ ለዜግነት ስታመለክቺም ለመንግሥት ባለሥልጣን ሐሰተኛ መረጃ ሰጥተሽ ታውቂ እንደሆነ በግልጽ ትጠየቂያለሽ። የግል ኩባንያ ብቻ ነው የምሞክረው ብትዪ እንኳ፣ ኢኩፋክስ የተባለው ድርጅት «ዘ ወርክ ነምበር» በሚለው አገልግሎቱ የብዙ ቀጣሪዎችን የደመወዝ መዝገብ ይዟል፤ ማን የት መቼ እንደሠራ አጣሪው ኩባንያ ከዚያ ይጠይቃል። ደግሞም ይህን ሁሉ ብታልፊው የአምስት ዓመት ባለሙያ ተብለሽ በገባሽበት ወንበር ላይ በመጀመሪያው ሳምንት የአምስት ዓመት ባለሙያ ሥራ ይቀርብልሻል። እንዲህ ገብተው በወሩ የተሰናበቱ ሰዎች አይቻለሁ፤ ልብ የሚሰብር ነገር ነው፤ አንዳንዶቹ በእውነተኛው ሪዙሜያቸው ለጀማሪ ቦታ ቢያመለክቱ ራሴ እቀጥራቸው ነበር።

በአማርኛ የሚያስተምር ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በቅንነት አስተምረው ብዙ ወገን ለሥራ ያበቁ ሰዎች አሉ። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሪዙሜዬን ማን ይጽፈዋል? «እኛ» ካሉሽ አመስግነሽ ውጪ።

አሁን ወደ ማመልከቻዎችሽ ልምጣ። ካያያዝሽልኝ ዝርዝር ውስጥ አብዛኞቹ ከቤት ሆኖ የሚሠሩ፣ «ጀማሪ» የሚል ስም የተሰጣቸው የሶፍትዌር፣ የዳታ ትንተናና የሳይበር ደኅንነት ሥራዎች ናቸው። ከቤት የሚሠራ ሥራ ላይ የምትወዳደሪው ከመላው አሜሪካ ጋር ነው። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በብዛት ሠራተኛ ቀንሰዋል፤ በ2025 ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ የሠራተኛና የኮንትራት ቅነሳ ይህን የእኛን አካባቢ ክፉኛ መታው። ስለዚህ ጀማሪ በሚባለው ወንበር ላይ የዓመታት ልምድ ያለው ሰው ዝቅ ብሎ እያመለከተ ነው። እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ስተርሊንግ ውስጥ ከጧቱ 12 ሰዓት በአካል መገኘት ለሚጠይቅ ሥራ ግን ቴክሳስ ያለው ሰው አይወዳደርሽም። የሚወዳደርሽ እዚያ በሰዓቱ መድረስ የሚችል ሰው ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ብዙ አመልካች አያስተውለውም።

ሁለተኛው ነገር ትንሽ ቢመስልም ሳያናድደኝ አይቀርም። የላክሽልኝን የማመልከቻ ቅጂ ሳይ አንድ ቦታ ቆምኩ። ቅጹ ሁለት ጥያቄ አለው። አንደኛው «በአሜሪካ ለመሥራት ሕጋዊ ፈቃድ አለሽ ወይ?» ይላል፤ «አዎ» ብለሻል፤ ትክክል ነው። ሁለተኛው «አሁን ወይም ወደፊት ቀጣሪው የቪዛ ስፖንሰር እንዲሆንሽ ያስፈልግሻል ወይ?» ይላል፤ እዚህም «አዎ» ብለሻል። የዜግነት ማመልከቻሽ ገና ስለሆነ ነገሩ አንቺን የሚመለከት መስሎሽ ይሆናል። አይመለከትሽም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማንም ስፖንሰር አያስፈልገውም፤ መልስሽ «አይ» ነው። ይህች አንዲት ምልክት ማመልከቻውን ሰው ዓይን ሳያየው ወደ ውድቅ ክምር ትልከዋለች። ሰዎች ሪዙሜ የሚያነብ ሮቦት ጣላቸው እያሉ ቃላት ሲደረድሩ ይውላሉ፤ በእኔ ልምድ ግን ፕሮግራሙ በራሱ የሚጥለው በአብዛኛው እንዲህ ባሉ የ«አዎ» እና የ«አይ» ጥያቄዎች ነው። ከ150ዎቹ ስንቱን በዚህ እንዳጣሽ እንጃ።

ሪዙሜሽ ደግሞ አዲስ አበባ የሚጻፍ ሪዙሜ ነው። ፎቶ፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ዜግነት፣ ሁሉም ራስጌው ላይ ተደርድሯል። እዚህ ቀጣሪው በእነዚህ ነገሮች አድልቷል እንዳይባል ስለሚፈራ ማየትም አይፈልግም። ሁሉንም አውጪ። ስም፣ ከተማና ስቴት፣ ስልክ፣ ኢሜይል ይበቃል። አንድ ገጽ ይሁን።

ከጻፍሽው ይልቅ ያሳዘነኝ ግን የደበቅሽው ነው። የፓርኪንግ ሥራሽን ጭራሽ አልጻፍሽውም። ስለዚህ ሪዙሜውን የሚያይ ሰው ከምረቃሽ ወዲህ ባዶ ዓመታት ነው የሚያየው። በደብዳቤሽ ግን እግረ መንገድሽን የነገርሽኝን እንኪ፦ ሌሊት ብቻሽን ነሽ። የክፍያ ማሽኑ የሰው ካርድ ይውጣል፤ መውጫው በር አልነሣ ይላል፤ ኋላ የተሰለፈው ጥሩምባ ያቀልጣል። አንቺ ማሽኑን አጥፍተሽ ታስነሺያለሽ፤ ካልሆነ የጥገናውን ድርጅት ደውለሽ በስልክ እየመሩሽ ትሞክሪያለሽ፤ በመጨረሻም ያልተፈታውን ለጧቱ ተረኛ ጽፈሽ ታሳልፊያለሽ። እህቴ፣ ሄልፕ ዴስክ ማለት እኮ ይኸው ነው! የተናደደ ሰው ማረጋጋት፣ ብልሽቱን መለየት፣ የሚቻለውን ማስተካከል፣ የማይቻለውን ለሚመለከተው በጽሑፍ ማስተላለፍ። «ገንዘብ ተቀባይ» ብለሽ ከማለፍ ይልቅ፣ የክፍያ ማሽኖችንና የመግቢያ በሮችን ብልሽት ሌሊት ብቻሽን እንደምትለዪና እንደምታስተካክዪ፣ ያልተፈታውን ለቴክኒሽያኖች በጽሑፍ እንደምታሳልፊ፣ ቅር የተሰኘ ደንበኛ ፊት ለፊት እንደምታስተናግጂ በሦስት አጭር መስመር ጻፊው። እውነተኛ ቁጥር ካለሽ ጨምሪ፤ ለምሳሌ ስንት ማሽን እንዳለ ቆጥረሽ ታውቂዋለሽ። ከሌለሽ አትፍጠሪ።

ዲግሪሽን በሚመለከት፣ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲን ስም የሚያውቅ ቀጣሪ ብዙ የለም፤ አለማወቁ ግን ንቀት አይደለም። ደብሊው ኢ ኤስ ወይም ኢ ሲ ኢ የሚባሉት ድርጅቶች ዲግሪሽ ከአሜሪካው ምን ጋር እንደሚመጣጠን መርምረው ይጽፉልሻል። ለሥራ የሚበቃው እያንዳንዱን ኮርስ የማይዘረዝረው፣ ርካሹ ዓይነት ነው፤ ማስተርስ ልማር ካላልሽ በስተቀር ውዱን አትግዢ። የሚያጓትተው ትራንስክሪፕቱን ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ ማስላኩ ነውና አገር ቤት ያለ ሰው ዛሬውኑ እንዲጀምርልሽ አድርጊ። ስምሽንም አስተያዪ። ትራንስክሪፕትሽ ላይ የአያት ስም ኖሮ ግሪን ካርድሽ ላይ ከሌለ፣ ወይም የእንግሊዝኛው ፊደል አንዱ ላይ በአንድ ሌላው ላይ በሌላ ከተጻፈ፣ ሪዙሜው፣ ማመልከቻውና ሰርተፍኬቱ ሁሉ የግሪን ካርዱን አጻጻፍ ይከተሉ።

እንግዲህ የት ታመልክቺ? ሦስት በር አሳይሻለሁ።

አንደኛው በአካል የሚሠራ የሄልፕ ዴስክና የመስክ ቴክኒሽያን ሥራ ነው። እንደ ቴክሲስተምስና ሮበርት ሃፍ ያሉ ሠራተኛ አቅራቢዎች አጫጭር ኮንትራት ያወጣሉ፤ አንድ መሥሪያ ቤት ላፕቶፖቹን ሲቀይር ለጥቂት ሳምንት አዲሱን አውጥቶ፣ ፋይል አዛውሮ፣ አሮጌውን ሰብስቦ የሚመዘግብ ሰው ይፈልጋል። የጤና መድን ላይኖረው ይችላል፤ «ደብሊው-2 (ተቀጣሪ) ነው ወይስ 1099 (የግል ኮንትራክተር)?» ብለሽ ሳትጠይቂ አትፈርሚ፤ በሁለተኛው ግብሩን ራስሽ ነሽ የምትከፍዪው። ነገር ግን ሪዙሜሽ ላይ የመጀመሪያውን መስመር የምትጽፍልሽ እንዲህ ያለች ሥራ ናት። የካውንቲ ትምህርት ቤቶችንም አትርሺ። ፌርፋክስና ሞንጎመሪ ካውንቲ እጅግ ብዙ የተማሪ ኮምፒውተር አላቸው፤ ያን የሚጠግን ሰው ይፈልጋሉ። ሥራው የሚወጣው በራሳቸው ድረ ገጽ ስለሆነ በየጊዜው እየገባሽ ማየት አለብሽ።

ሁለተኛው ዳታ ሴንተር (ሰርቨር የሚባሉት የኢንተርኔት ኮምፒውተሮች የሚቀመጡበት ሕንፃ) ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከቤትሽ የአንድ ሰዓት መንገድ የማይሞላው አሽበርን፣ ላውደን ካውንቲ ውስጥ፣ በዓለም ላይ ዳታ ሴንተር በብዛት የተከማቸበት ቦታ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኢንተርኔት ኔትወርኮች እርስ በርስ የሚገናኙበት ሜይ-ኢስት የተባለ ጣቢያ ቲሰንስ አካባቢ ነበር፤ የኢንተርኔት አቅራቢው ኤ ኦ ኤል ዋና መሥሪያ ቤቱን ደለስ አቅራቢያ አደረገ፤ ገመዱ ባለበት ሌላው እየተከተለ መጣ፤ አማዞንም በ2006 የክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ ኮምፒውተር) አገልግሎቱን የጀመረው በሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ሀበሻው በሀይዌይ 28 ሲያልፍ የሚያያቸው መስኮት አልባ ትልልቅ ሕንፃዎች እነዚህ ናቸው፤ ውስጣቸው ሰው የሚሠራባቸው አይመስለውም።

ይሠራባቸዋል። ጀማሪ ቴክኒሽያን የተበላሸ ዲስክ ይቀይራል፤ ሰርቨር ከመደርደሪያው ስቦ ሜሞሪ ይተካል፤ የፋይበር ገመድ ጫፍ ያጸዳል፤ ገመዱ ላይ መለያ ይለጥፋል፤ እያንዳንዱን ሥራ በቲኬት (በሥራ መከታተያ መዝገብ) መዝግቦ ይዘጋል። ድምፁ ስለሚያደነቁር የጆሮ መከላከያ ይደረጋል። በመደርደሪያዎቹ ፊት ብርድ፣ ከኋላቸው ሙቀት ነው። ዕቃ ማንሣት አለበት፤ ማስታወቂያዎቹ ከ20 ኪሎ በላይ ማንሣት መቻልን ይጠይቃሉ። ፈረቃው ብዙ ጊዜ 12 ሰዓት ይረዝማል፤ የሌሊት ተራም አለው። ለመደበኛ ሰዓት ሰው ይህ መከራ ነው፤ አንቺ ግን ሁለት ዓመት ሌሊት ሠርተሽ፣ አንድም ቀን ሳታረፍጂ፣ አሠሪሽ ሊመሰክርልሽ የሚችል ሰው ነሽ። ይህን በቃለ መጠይቅ ላይ በግልጽ ተናገሪው፤ እኔ ብሆን ከኤ ፕላሱ በላይ የምሰማው እሱን ነው። ሲልቨር ላይን የተባለው ባቡር ከኅዳር 2022 ጀምሮ እስከ አሽበርን ይደርሳል፤ ሕንፃዎቹ ግን ከጣቢያው ይርቃሉ፤ ፈረቃውም ባቡር በሌለበት ሰዓት ሊጀምር ይችላልና መኪና ያስፈልግሻል። አማዞን ልምድ የሌለውን ሰው እየከፈለ የሚያሠለጥንበት የሥራ ላይ ትምህርት ፕሮግራም አለው። ኖቫ የምንለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሙኒቲ ኮሌጅም የዳታ ሴንተር ኦፕሬሽን ትምህርት ይሰጣል።

ሦስተኛው የጠየቅሽኝ አፕረንቲስሺፕ ነው። በዚህ አገር ነገሩ በ1937 በወጣ ሕግ ላይ የቆመ ነው፤ ለዘመናት የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሠራተኛ መንገድ ሆኖ ኖሮ ነው ወደ ኮምፒውተር የተሻገረው። የተመዘገበ ፕሮግራም ሲሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተቀጣሪ ነሽ፤ ደመወዝ አለሽ፤ ደመወዙም ሙያሽ እያደገ ሲሄድ በውሉ መሠረት ይጨምራል። ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 2,000 ሰዓት በሥራ ላይ ልምምድ ይጠይቃል፤ ይህም አንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ ሥራ ማለት ነው። ከዚያ ጎን በዓመት 144 ሰዓት ያህል የክፍል ትምህርት ይመከራል። ስትጨርሺ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚታወቅ የምስክር ወረቀት ይሰጥሻል። እንግዲህ «አፕረንቲስሺፕ ነው፣ ግን መጀመሪያ ክፈዪ» ወይም «ሦስት ወር በነፃ ሥሪ» የሚልሽ ካለ ሌላ ነገር እየሸጠልሽ ነው።

የተመዘገቡትን የምታገኚው የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ባዘጋጀው አፕረንቲስሺፕ ዶት ጎቭ ላይ ነው። የሰፈርሽን ፖስታ ቁጥር አስገብተሽ «ኮምፒውተር ሰፖርት»፣ «ሳይበር»፣ «ዳታ ሴንተር» እያልሽ ፈልጊ። ከተራ ሥራ የሚለየው በቡድን በቡድን መቀበሉ ነው፤ ዛሬ የተዘጋው ከወራት በኋላ ይከፈታል። የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ቀን የምትይዢበት ደብተር ይኑርሽ። አንዳንዶቹ የሒሳብና የአመክንዮ ፈተና ይሰጣሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አይደለም፤ መቶኛ፣ ጥምርታ፣ የቁጥር ቅደም ተከተል ነው፤ ሰው የሚወድቀው ሰዓት ስለሚያጥረው ነው። አጭር ጽሑፍም ይጠይቃሉ፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ ኮምፒውተር እወዳለሁ» ብለሽ አትጀምሪ፤ ያ የክፍያ ማሽን የቆመበትን አንድ ሌሊት ጻፊ።

የሥልጠና ገንዘብን በሚመለከት፣ 4,000 ዶላር ለማውጣት ከማሰብሽ በፊት ሊከፍሉልሽ የሚችሉትን ጠይቂ። በየአካባቢው አሜሪካን ጆብ ሴንተር የሚባል ቢሮ አለ፤ በ2014 በወጣው የፌዴራል የሥራ ኃይል ሕግ መሠረት ብቁ ከሆንሽ የሥልጠና ወጪ ይሸፍናል። ነገር ግን ትምህርቱን ከመጀመርሽ በፊት መጽደቅ አለበት፤ ከፍለሽ ከጀመርሽ በኋላ «መልሱልኝ» ማለት አይሠራም። በቨርጂኒያ ኮሙኒቲ ኮሌጆች ፋስት ፎርዋርድ የሚባለው ፕሮግራም ለተመረጡ አጫጭር የሙያ ሥልጠናዎች ከአንቺ የሚጠይቀው ከዋጋው አንድ ሦስተኛውን ብቻ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ፐር ስኮላስ ደግሞ በ1995 ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ የተመሠረተ ድርጅት ነው፤ ትምህርቱ በነፃ ነው፤ ኤ ፕላስ ስላለሽ ከመጀመሪያው ኮርስ ይልቅ ቀጣዮቹን ጠይቂያቸው። ቀን ላይ የሚሰጥ የሙሉ ጊዜ ትምህርት ስለሆነ ከሌሊት ሥራ ጋር እንዴት እንደምታስማሚው ግን ቀድመሽ አስቢበት፤ እንቅልፍ ማጣት ፈተና ያስወድቃል።

«ቀጥሎ ሴኪዩሪቲ ፕላስ (የኮምፕቲያን የሳይበር ደኅንነት ፈተና) ልውሰድ?» ላልሽው፣ አዎ፣ ግን አሁን አይደለም። ለመከላከያ ሚኒስቴር ኮንትራት የሚፈለግ የምስክር ወረቀት ነው፤ ያ ሥራ ግን በአብዛኛው ክሊራንስ (የመንግሥትን ምስጢር የማየት ፈቃድ) ይፈልጋል፤ ክሊራንስ ደግሞ የአሜሪካ ዜግነት ይፈልጋል፤ ያም ሆኖ በራስሽ ማመልከት አትችዪም፤ ቀጣሪ ነው የሚጠይቅልሽ። ስለዚህ ዜግነትሽ ሲቃረብ ውሰጂው። ኤ ፕላስም ሴኪዩሪቲ ፕላስም የሚያገለግሉት ሦስት ዓመት ስለሆነ ቀድሞ ማከማቸት ጥቅም የለውም።

ያን ገንዘብና ጊዜ እጅሽን በሚያፍታታ ነገር ላይ አውዪው። ከመሥሪያ ቤት የወጣ ያገለገለ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ግዢ። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ሰርቨርን ለ180 ቀን በነፃ ለሙከራ ይሰጣል፤ እሱን ጫኚና አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የሠራተኞችን መለያና ፈቃድ የሚቆጣጠረውን ሥርዓት) አቋቁሚ፤ የቤተሰቡን ሰው ሁሉ ሠራተኛ አድርገሽ መዝግቢ፤ የእናትሽን የይለፍ ቃል ቆልፈሽ ክፈቺ፤ ወንድምሽ አንድ ፎልደር ብቻ እንዲያይ ፍቀጂ። ኦኤስቲኬት የሚባል ነፃ የቲኬት ፕሮግራም ጭነሽ እያንዳንዱን ብልሽት መዝግቢበት። ዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው ሥርዓት) ምን እንደሆነ መተርጎም የሚችል አመልካች ሞልቷል፤ ሰርቶ አበላሽቶ ያስተካከለ ግን ወዲያው ይለያል።

እንዴት እንደሚለይ ላሳይሽ። በቃለ መጠይቅ ላይ የምወደው ጥያቄ አንድ ነው። ስልክ የደወለ ሠራተኛ ሆኜ «ኢንተርኔት የለኝም» እላለሁ። ብዙው ሰው «ኮምፒውተሩን ያጥፉና ያስነሡት» ይላል፤ አላስተካከለውም ስለው ይደነግጣል። ጥሩው አመልካች መጀመሪያ ይጠይቃል፦ ከመቼ ጀምሮ ነው? እርስዎ ብቻ ነዎት ወይስ ጎረቤትዎም? ትናንት የተቀየረ ነገር አለ? ኢሜይሉም እምቢ ብሏል ወይስ አንድ ድረ ገጽ ብቻ ነው? ከዚያ የኮምፒውተሩን የኔትወርክ አድራሻ እንዳነብለት ያደርገኛል። እኔም «169.254 ብሎ ይጀምራል» እለዋለሁ። ሥራውን በእጁ የነካ ሰው እዚህ ላይ ፊቱ ይበራል፤ ምክንያቱም ይህ ኮምፒውተሩ አድራሻ ጠይቆ የሚሰጠው አጥቶ ለራሱ የሰጠው አድራሻ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ብሮውዘሩን ትቶ ገመዱን፣ ግድግዳ ላይ ያለውን መሰኪያ፣ አድራሻ አዳዩን ሰርቨር ወደ ማጣራት ይሄዳል። መልሱን ሳያገኘው ሰዓቱ ቢያልቅ እንኳ ግድ የለኝም፤ የምፈልገው እያሰበ ሲናገር መስማት ነው። ዝም ብሎ አስቦ መልሱን ብቻ የሚናገር ሰው፣ እንደ እኛ አገር ተማሪ፣ አእምሮው ውስጥ ምን እንዳለ አያሳየኝም።

ሌላም አስተዳደጋችን የሚያመጣብን ነገር አለ። «ምን ሠራህ?» ሲባል ወገኔ «እንዲህ አደረግን» ይላል፤ «እኔ» ማለት ጉራ ይመስለዋል። ጠያቂው ደግሞ አንቺ ምን እንደሠራሽ ሳያውቅ ይወጣል። ከቡድን ጋር ሠርተሽም ቢሆን የራስሽን ድርሻ «እኔ» ብለሽ ለይተሽ ተናገሪ። የማታውቂውን ስትጠየቂ «አላውቀውም፤ የምጀምረው ግን ከዚህ ነው» በዪ። የእንግሊዝኛ አነጋገርሽ አያሳስብሽ፤ ቀስ ብለሽ ተናገሪ፤ ካልሰማሽ ድገሙልኝ በዪ። ሄልፕ ዴስክ ላይ ያልሰማውን የሰማ አስመስሎ የሚያልፍ ሰው ነው አደገኛው።

ደመወዙን ሳልነግርሽ ባልፍ ደግሞ ማባበል ይሆንብኛል። የመጀመሪያው የሄልፕ ዴስክ ሥራ አሁን ከምታገኚው ብዙም ላይበልጥ ይችላል፤ ትርፍ ሰዓትሽ ከተቆጠረ እንዲያውም ሊያንስ ይችላል። ቤተሰቡ የሚከፍለው ኪራይ ስላለ የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት እንደምትወጡት ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ፓርኪንጉንም የተፈረመ የቅጥር ደብዳቤ ሳትይዢ አትልቀቂ። ደብዳቤው ሲመጣም እውነተኛ መሆኑን አረጋግጪ። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ጽሑፍ ብቻ ቃለ መጠይቅ አድርጎ የቀጠረሽ፣ ወይም ላፕቶፕ መግዣ ብሎ ቼክ ልኮ የተረፈውን መልሺልኝ የሚልሽ ሌባ ነው፤ ቼኩ ከቀናት በኋላ ይመለሳል፤ ባንኩም ገንዘቡን ከአንቺ ይጠይቃል።

የወንድምሽ ነገር ከአንቺ ይቀላል፤ ዲግሪ አለመያዙ እዚህ ላይ ይጠቅመዋል። ከ2000 ጀምሮ የሚሠራው ዪር አፕ የተባለው (አሁን ዪር አፕ ዩናይትድ የሚባለው) ድርጅት የሚቀበለው ከ18 እስከ 29 ዓመት ያሉ፣ የባችለር ዲግሪ የሌላቸውን ነው፤ ለትምህርቱ አያስከፍልም፤ ከሥልጠናው በኋላ ኩባንያ ውስጥ ልምምድ ያስገባል። አንቺን በዲግሪሽ ምክንያት አይቀበልሽም፤ እሱን ሊቀበለው ይችላል። ኮሌጅ ልግባ ካለም የቨርጂኒያው ጂ3 ፕሮግራም ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ ለሆነ የስቴቱ ነዋሪዎች በኮምፒውተርና በሌሎች ተፈላጊ ሙያዎች የኖቫን የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል፤ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻውን መሙላት ግን ግዴታ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ዛሬ ማታ አጣሪ፦ ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ወንድ፣ ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን፣ ሰሌክቲቭ ሰርቪስ የተባለው፣ በጦርነት ጊዜ ለውትድርና ሊጠሩ የሚችሉ ወንዶች መዝገብ ላይ መገኘት አለበት። ወታደር ያደርጉታል ብላ እናታችሁ እንዳትሰጋ፤ ስም መመዝገብ ብቻ ነው። ካልተመዘገበ ግን ጆብ ሴንተር የሥልጠና ገንዘብ አይሰጠውም፤ 26 ዓመት ከሞላው በኋላ ደግሞ ልመዝገብ ቢልም አይቀበሉትም። በኢንተርኔት ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ የማረጋገጫ ቁጥሩን አትሞ ያስቀምጠው።